ስለ ቀን ድምፅና ስለ ሌሊት ድምፅ

ሬዲዮም ይሁን ቴፕ፣ የሸክላ ማጫወቻም ይሁን የዛሬ ዘመን ድምፅ ማጉያ፣ በቤቱ አኑሮ ሙዚቃ ማድመጥን የሚወድ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በቀትር ሲጫወት ደብዘዝ ብሎ የተሰማው ዘፈን፣ በዚያው መሣሪያና በዚያው ክፍል ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ሲጫወት ጥርት ብሎ፣ ስፋትና ጥልቀት አግኝቶ፣ የዘፋኙ ትንፋሽና የደርዳሪው ጣት ከክራሩ ጅማት ላይ ሲነሣ የሚሰጠው ረቂቅ ድምፅ ሳይቀር ተለይቶ መሰማቱ ነው።

ስለዚህ ነገር የሚሰጠው ምክንያት እንደ ሰዉ ብዙ ነው። አንዱ «ሌሊት የመብራቱ ኀይል ንጹሕ ስለሚሆን ነው» ሲል፣ ሁለተኛው «መሣሪያው ውሎ ሲሞቅ ነው ድምፁ የሚያምረው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «መሣሪያውስ ያው ነው፤ የሚለወጠው የሰሚው ልብ ነው» ብሎ ይደመድማል። ከእነዚህ አሳቦች ፈጽሞ ከእውነት የራቀ የለም። ነገር ግን የእያንዳንዳቸው ድርሻ እኩል ስላልሆነ፣ ትንሹን ምክንያት ትልቅ፣ ትልቁን ትንሽ አድርጎ የገመተ ሰው ገንዘቡን በማይጠቅመው ዕቃ ላይ ያፈስና የሚመኘውን ድምፅ ሳያገኝ ይቀራል፤ ስለዚህ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ እንደየክብደታቸው ማየት ይገባል።

ጸጥታ የመሣሪያው እኩሌታ ነው

የድምፅ ብርታት የሚለካበት መስፈሪያ ዴሲቤል ይባላል። ይህ መስፈሪያ እንደ ሜትርና እንደ ኪሎ በመደመር ሳይሆን በማባዛት የሚሄድ በመሆኑ፣ 10 ዴሲቤል የጨመረ ድምፅ ኀይሉ 10 እጥፍ፣ 20 ዴሲቤል የጨመረ ግን 100 እጥፍ ያደገ ነው፤ የሰው ጆሮ ግን 10 ዴሲቤል የጨመረውን ድምፅ ከቀድሞው ሁለት እጅ ያህል የበረታ አድርጎ ብቻ ይቀበለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለሌሊት መኝታ ቤት የመከረው ልክ 30 ዴሲቤል ሲሆን፣ በቀን ግን ፍሪጅ በሚያጓራበት፣ መኪና በሚያልፍበት፣ ልጆች በሚጫወቱበትና ከጎረቤት የግንባታ ሥራ በሚሰማበት የከተማ ቤት ውስጥ የአካባቢው ጫጫታ ከ45 እስከ 50 ዴሲቤል መድረሱ የተለመደ ነው። እኛ ግን ለረጅም ጊዜ የኖርንበትን ጫጫታ ልቡናችን ስለሚተወው፣ በመካከሉ ተቀምጠን «ቤቱ ጸጥ ያለ ነው» እንላለን።

እንግዲህ አንድ ሰው በመጠነኛ ብርታት ሲያዳምጥ የዘፈኑ ከፍተኛ ክፍል 75 ዴሲቤል ያህል ይደርሳል እንበል። በቀን 45 ዴሲቤል ጫጫታ ባለበት ክፍል ለሙዚቃው የሚተርፈው ስፍራ 30 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ሌሊት የክፍሉ ጫጫታ ወደ 28 ሲወርድ ግን ስፍራው ወደ 47 ይሰፋል። በዚህ በተጨመረው 17 ዴሲቤል ውስጥ የሚገኙት ደግሞ ዘፋኙ ስንኝ ከመጀመሩ በፊት የሚስበው አየር፣ የማሲንቆው ደጋን አቅጣጫውን ሲለውጥ የሚሰማው ፍትጊያ፣ ድምፁ በተቀረጸበት ክፍል ውስጥ እየቀጠነ የሚጠፋው የገደል ማሚቶ ጭራ፣ በአጠቃላይ ሙዚቃውን ሕያው የሚያደርጉት ረቂቃን ነገሮች ናቸው። እነዚህ በቀንም ከመሣሪያው ይወጣሉ፤ ነገር ግን እንግዳ በሞላበት የድግስ ዳስ ውስጥ የሽማግሌው ምርቃት ከፊት ለተቀመጡት ብቻ እንደሚሰማ፣ የኋለኞቹም የ«አሜን»ን ድምፅ ሰምተው ብቻ አሜን እንደሚሉ፣ የሙዚቃውም ረቂቅ ክፍል በጫጫታው ተውጦ ከጆሯችን ሳይደርስ ይቀራል።

አንዱ ድምፅ ሌላውን የሚውጥበት ሥርዓትም የራሱ ሕግ አለው። ዌግልና ሌን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን ለመዋጥ ያለው ችሎታ ቀጭኑ ወፍራሙን ለመዋጥ ካለው እጅግ የበለጠ ነው። ስለዚህም የከባድ መኪና ሞተር ወይም የጎረቤት ጀነሬተር ጉርምርምታ እዚያው በወፍራሙ የሙዚቃ ክፍል ላይ ብቻ ሳይወሰን ወደ ላይ እየዘለቀ የሰውን ድምፅና የዋሽንቱን ጥራት ጭምር ይነካል። በክረምት ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በደጋው አገራችን ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲያርፍ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ በአንድነት የሚሸፍን ውርጅብኝ ይፈጥራል፤ በዚያን ሰዓት መሣሪያዬ ተበላሸብኝ የሚል ሰው ዝናቡ እስኪያባራ ቢታገሥ መሣሪያው ደኅና ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን የጸጥታ ዋጋ በሥራው ያረጋገጠው ሊቅ አሜሪካዊው ዋላስ ሴባይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፎግ ሙዚየም ውስጥ ያለው የትምህርት አዳራሽ ንግግር የማያሰማ ሆኖ ስላስቸገረው መፍትሔ እንዲፈልግለት ባዘዘው ጊዜ፣ ይህ መምህር በአዳራሹ የቀረው ድምፅ በስንት ሴኮንድ እንደሚጠፋ የሚለካው በአንድ የኦርጋን ቧንቧና በገዛ ጆሮው ስለ ነበር፣ የጎዳናው ጫጫታ ጸጥ እስኪል እየጠበቀ በሌሊት ይሠራ ነበር። ከሳንደርስ ቴአትር የመቀመጫ ትራሶች በሌሊት እያስመጣ በአዳራሹ ውስጥ በማኖር፣ ትራሱ በበዛ ቍጥር ከአምስት ሴኮንድ በላይ ይቆይ የነበረው ማሚቶ እንዴት እያጠረ እንደሚሄድ መዘገበ፤ ከዚህ ድካሙ ባገኘው ሕግም እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ ተሠራ። ዛሬም በቤታችን ሌሊት መስኮት ሲዘጋና ወፍራም መጋረጃ ሲወርድ፣ የክፍሉ ጠባይ በዚያው ሕግ መሠረት በመጠኑ ይለወጣል፤ በተከፈተ መስኮት ይወጣ የነበረው ወፍራም ድምፅ በቤት ይቀራል፤ ከባዶ መስተዋትና ከግድግዳ እየተመለሰ ጆሮን ይወጋ የነበረው ቀጭን ድምፅም በመጋረጃው ይለዝባል።

ጆሮ እንደ ድምፁ መጠን ጠባዩን ሲለውጥ

ከዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ይነሣል። ሌሊት ሁሉ ነገር የሚጠራ ከሆነ፣ ስለ ምን አንዳንድ ሰዎች «ሌሊት ስሰማው ዘፈኑ ሆድ የለውም፤ ቀጥኖብኛል» ይላሉ? መልሱ የሚገኘው ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በቤል የስልክ ላቦራቶሪ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ነው። ጆሮ ሁሉን ድምፅ በእኩልነት አይቀበልም፤ መካከለኛውን፣ ይልቁንም የሰው ንግግር የሚገኝበትን ድምፅ በቀላሉ ሲቀበል፣ ወፍራሙን ግን ካልበረታ በቀር ይዘነጋዋል። በኋላ ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በጸደቀው ሰንጠረዥ መሠረት፣ በሴኮንድ 1000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ 40 ዴሲቤል ሲሆን፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ ከእርሱ ጋር እኩል ሆኖ እንዲሰማ ወደ 64 ዴሲቤል ግድም መድረስ አለበት፤ በ80 ዴሲቤል ብርታት ግን ልዩነቱ ወደ እኩሌታው ይወርዳል።

የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ሌሊት ለቤተሰብና ለጎረቤት ብለን ድምፁን ዝቅ ስናደርግ፣ ዝቅ ያለው ሁሉም በእኩል መጠን ሆኖ ሳለ፣ ለጆሯችን ግን ወፍራሙ ከሁሉ በፊት ይሰወራል። የዱሮ አምፕሊፋየሮች ላይ «ሉድነስ» ተብሎ የሚጻፈው ቍልፍ የተሠራው ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ነው፤ ድምፁ ዝቅ ባለ ጊዜ ወፍራሙን ከፍ ያደርገዋል። እንግዲህ ሌሊት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያደርጋል፤ በጸጥታው ረቂቁን ይገልጣል፣ በዝቅታው ወፍራሙን ይነሣል፤ አንዱ ሰው ሌሊቱን ሲያመሰግን ሌላው የሚያማርረውም ሁለቱ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን እየያዙ ስለሚናገሩ ነው።

የአባቶቻችን በገና በዚህ ነገር ላይ የሚያስደንቅ ትምህርት ይሰጣል። ዐሥር አውታር ያለው በገና ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ፣ በጾም ወራት ለጸሎትና ለተመስጦ የሚደረደር ነውና፣ በተነገረው ሕግ መሠረት ዝቅ ተደርጎ ሲሰማ ከጆሮ መሰወር በተገባው ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ አውታር በበርኩማው ላይ በሚያርፍበት ስፍራ እንዚራ የምትባል ቍራጭ ቆዳ ስለምትገባበት፣ አውታሩ በርግብግቢቱ ቆዳዋን እየነካ ያን የታወቀ ነዛሪ ድምፅ ይሰጣል፤ ይህም ንዝረት ከመሠረታዊው ወፍራም ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆችን ይወልዳል። ጆሮ እነዚህን ቀጫጭኖቹን አጥርቶ ስለሚሰማ፣ መሠረቱ ቢሰወር እንኳ ከልጆቹ ተነሥቶ አባቱን ያውቃል፤ ወፍራሙም እንደ ወፍራምነቱ ይሰማዋል። ስለዚህ እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ደርዳሪዎች የተቀረጹበትን በገና በሌሊት ዝቅ አድርጎ የሚሰማ ሰው ክብደቱን ሳያጣ ሲያደምጠው፣ በዚያው ልክ የተከፈተ የዘመናይ ዘፈን ቤዝ ጊታር ግን ከመድረኩ ወርዶ እንደ ጠፋ ይቈጥረዋል።

የደከመ ጆሮና የተሰበሰበ ልቡና

ጆሮ ሕያው ሕዋስ እንደ መሆኑ መጠን ይደክማል። ቀኑን ሙሉ በብረታ ብረት ሥራ ቤት፣ በወፍጮ ቤት ወይም በታክሲ ተራ ጫጫታ ውስጥ የዋለ ሰው የመስማት ኀይሉ ለጊዜው ይቀንስና፣ ዕረፍት ካገኘ ከሰዓታት በኋላ ይመለስለታል። እንዲህ ያለው ሰው ምሽት ቤቱ ገብቶ ሬዲዮኑን ሲከፍት ድምፁ ስለሚደበዝዝበት ቍልፉን ወደ ላይ ያዞረዋል፤ ሌሊቱን ዐርፎ ጠዋት በዚያው ልክ ሲከፍተው ግን ጩኸቱ ያስደነግጠዋል። መሣሪያው በሌሊት የተጨመረለት ኀይል የለም፤ ያረፈው ጆሮ ነው። ይህ የጆሮ መደንዘዝ በየቀኑ የሚደጋገም ከሆነ ግን የማይመለስ ጉዳት መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ የምሽቱንና የጠዋቱን የቍልፍ ልክ ማስተያየት ለጤናም የሚጠቅም ማስጠንቀቂያ ነው።

ከጆሮም ጋር ልቡና አለ። በቀን የሚያዳምጥ ሰው ስልኩ ይጠራል፣ እንግዳ ይመጣል፣ የማያልቅ የሥራ አሳብ ይመላለስበታል፤ ሌሊት ግን ዐይን የሚያየው ሲቀንስ አሳብ ወደ አንድ ይሰበሰባልና፣ በቀን በአጠገቡ ያለፈበትን ዜማ ያስተውለዋል። ከዚህም በላይ «ሌሊት ይሻላል» ብሎ አስቀድሞ ያመነ ሰው የሚሻል ነገር ሊሰማ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ይህ የሰው ሁሉ ጠባይ እንጂ የሞኝነት ምልክት አይደለም፤ የድምፅ ባለሙያዎችም ሁለት መሣሪያ ሲያወዳድሩ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳያውቁ እንዲያዳምጡ የሚደረገው ስለዚህ ነው።

ስለ መብራት ኀይልና ስለ ሙቀት

አሁን ብዙ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወደሚጠረጥረው ወደ ኤሌክትሪክ እንምጣ። የአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት፣ በሴኮንድ 50 ዑደት ነው። ምሽት ላይ ሰዉ ሁሉ መብራት ሲያበራና ምድጃ ሲለኵስ፣ ይልቁንም እያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚበላ የእንጀራ ምጣድ በየቤቱ ሲጣድ፣ በሰፈሩ መስመር ላይ የቮልቱ መጠን መውረዱ የታወቀ ነው። ነገር ግን 220 የነበረው ወደ 190 ቢወርድ እንኳ፣ በተለመደው አሠራር አንድ አምፕሊፋየር ሊያወጣ ከሚችለው ከፍተኛ ድምፅ ላይ የሚቀነሰው ከአንድ ዴሲቤል ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው፤ አንድ ዴሲቤል ደግሞ ጆሮ በጭንቅ የሚለየው ልዩነት ነው። በመጠነኛ ብርታት የሚያዳምጥ ሰው ከዚያ ከፍተኛ ልክ ስለማይደርስ፣ ይህን ያህሉን እንኳ አያጣም።

ሆኖም ኤሌክትሪክ ፈጽሞ ነጻ ነው ማለት አይደለም። መሣሪያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የሚያጫውት ሰው ቮልቱ ሲወርድ ድምፁ ቶሎ ይሻክርበታል፤ በአምፖል የሚሠሩ የዱሮ ሬዲዮኖችና አምፕሊፋየሮች ደግሞ ማሞቂያ ክራቸው በቀጥታ ከመስመሩ ስለሚመገብ የቮልቱ መውረድ ይሰማቸዋል፤ በርካሹ የተሠሩ ቻርጀሮችና የብርሃን መቀነሻ ቍልፎች የሚልኩት ሽርሽርታም ወደ ሬዲዮ ይገባል። ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ግን መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሣ የሚደርሰው ነው። አንዳንድ የሸክላ ማጫወቻ ሞተሮች ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከቮልቱ ሳይሆን ከዑደቱ ቍጥር ስለሆነ፣ ጀነሬተሩ ከ50 ወደ 48 ዑደት ቢዘገይ ሸክላው ከመቶ አራት እጅ ይዘገያል፤ የዘፈኑም ቅኝት የግማሽ ድምፅን ሁለት ሦስተኛ ያህል ዝቅ ይላል። ይህን ዜማ የሚያውቅ ጆሮ ሁሉ ይለየዋል።

«መሣሪያው ሲሞቅ ነው የሚያምረው» የሚለውም እንዲሁ በልኩ ሊወሰድ ይገባል። የአምፖል መሣሪያ ጥቂት ደቂቃ መሞቅ ያስፈልገዋል፤ የድምፅ ማጉያው ወረቀት የሚንጠለጠልበት ላስቲክም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠንከር ብሎ ሲሞቅ ይላላል። የክፍሉ አየር ሙቀትና ርጥበት ግን ከማጉያው እስከ ወንበሩ ባለው በሦስት ወይም በአራት ሜትር ርቀት ላይ ከቀጭኑ ድምፅ የሚቀንሰው ከአንድ ዴሲቤል በታች ስለሆነ፣ ስለ እርሱ መጨነቅ አያስፈልግም። ከደጅ ያለው አየር ግን ሌላ ነው። ድምፅ በሞቀ አየር ፈጥኖ፣ በቀዘቀዘው ዘግይቶ ይጓዛል፤ በጠራ የደጋ ሌሊት ምድር ቀዝቅዛ ከእርስዋ በላይ ያለው አየር ሙቀቱን ሲጠብቅ፣ ወደ ሰማይ ያመራ የነበረው ድምፅ ጐብጦ ወደ ምድር ይመለሳል። በቀን የማይሰማው የሩቅ ደብር ማኅሌት ሌሊት ከደጃፋችን የሚደርሰው፣ የእኛም ዘፈን ከምናስበው ይልቅ ርቆ የሚሄደው ስለዚህ ነው።

ፀሐይ የምትገዛው ሬዲዮ

እስካሁን ከተነገረው ሁሉ ልዩ ሆኖ፣ በእውነት መሣሪያው የሚቀበለው ነገር ራሱ ከቀን ወደ ሌሊት የሚለወጥበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የመካከለኛና የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው። አሜሪካዊው ኬኔሊና እንግሊዛዊው ሄቪሳይድ እ.ኤ.አ. በ1902 በየራሳቸው ባቀረቡት አሳብ መሠረት፣ ከምድር በላይ የሬዲዮን ሞገድ የሚመልስ በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር አለ፤ ይህንም ኤድዋርድ አፕልተን እ.ኤ.አ. በ1924 በፈተና አረጋግጦ፣ በ1947 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። በቀን የፀሐይ ጨረር ከ60 እስከ 90 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ የሚፈጥረው የታችኛው ንብርብር የመካከለኛውን ሞገድ ይውጠዋል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ስለሚጠፋ ሞገዱ ወደ ላይኛው ዘልቆ ከዚያ እየተመለሰ እጅግ ሩቅ አገር ይደርሳል። ስለዚህም ሌሊት በቀን ያልነበሩ ጣቢያዎች ይገባሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባል፤ ድምፁም ከፍ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1977 ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ ያስተላልፍ የነበረውን የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ፣ እንዲሁም ከ1965 ጀምሮ ከጀርመን የሚመጣውን የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ዝግጅት የተከታተሉ አድማጮች ይህን ያውቁታል፤ የአጭር ሞገድ አስተላላፊዎችም ለቀንና ለሌሊት የተለያየ ሞገድ የሚመርጡት ለዚሁ ነው። የኤፍ ኤም ስርጭት ግን በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝና በዚያ ንብርብር ስለማይመለስ ይህ አይደርስበትም።

እንግዲህ ምን ይበጃል?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር፣ ኤፍ ኤምና የተቀረጸ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ሌሊት ብዙውን የሚለውጠው የአካባቢው ጸጥታና የራሱ ጆሮ መሆኑ ነው፤ የመሣሪያውና የመብራቱ ድርሻ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል። ይህን በቤቱ ሊያረጋግጥ የሚወድ ሰው በእሑድ ቀትር መስኮቱን ዘግቶ፣ ፍሪጁን ለጥቂት ደቂቃ አጥፍቶ፣ አንዱን ዘፈን በሌሊት በሚሰማበት ልክ ያጫውት፤ የቍልፉን ቦታ ብቻ ከማመን ይልቅ በስልክ ላይ በሚጫን የድምፅ መለኪያ ብርታቱን ያስተካክል። ስታብላይዘር ሊገዛ ያሰበም፣ ከመግዛቱ በፊት ከጓደኛ ተውሶ፣ ሌላ ሰው እርሱ ሳያይ እያስገባና እያወጣ እንዲያጫውትለት አድርጎ ልዩነቱን ይወቅ፤ ስታብላይዘር መሣሪያን ከሚጎዳ የቮልት መለዋወጥ ስለሚጠብቅ ጥቅሙ የማይካድ ነው፤ የድምፅ ጥራት ግን ከእርሱ ብዙ አይጠበቅ። ለጥራቱ የተመደበው ገንዘብ አስቀድሞ ለመስኮቱ ስንጥቅ መድፈኛ፣ ለወፍራም መጋረጃና ለምንጣፍ ቢውል ከማንኛውም ሽቦ የበለጠ ዋጋ ይሰጣል፤ ሌሊትም ድምፁ ሲቀንስ ወፍራሙን በጥቂቱ ከፍ ማድረግ የጆሮን ጉድለት ይሞላል።

ነገር ግን ይህ የመጨረሻው ምክር ድንበር አለው። ቀጭን ድምፅ በግድግዳ ሲታገድ ወፍራሙ ግን አልፎ ይሄዳል፤ ለእኛ የዘፋኙን ትንፋሽ የገለጠልን ጸጥታም ለጎረቤታችን የእኛን ቤዝ ይገልጥለታል፤ በቀን በጫጫታው ተውጦ የማይሰማው ጉርምርምታ ሌሊት በታማሚ ወይም በሕፃን አልጋ ራስጌ ይደርሳል። ጸጥታ በገንዘብ ተገዝቶ በአንድ ቤት የሚቈለፍ ዕቃ ሳይሆን የሰፈር ሁሉ የጋራ ሀብት ነው፤ አንዱ ሲያጠፋው ለሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ መልካም ድምፅ የሚወድ ሰው ወፍራሙን ከፍ የሚያደርገው ከግድግዳው ማዶ የማይሰማ መሆኑን ወጥቶ ካዳመጠ በኋላ ይሁን፤ ይህን የማያደርግ ግን መሣሪያው የቱን ያህል ውድ ቢሆን፣ እርሱ ራሱ ለሌላው ሰው የቀን ጫጫታ ሆኖ ያድራል።